ግርማ የመረጣቸው ሦስት ተጫዋቾች

ወርቅነሽ ሁለት ወር ሙሉ ሳሎኗ የራሷ አልነበረም። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የባሏ ጓደኛ ሀብተጊዮርጊስ ከከተማው ዳር፣ ከሆኽስት፣ ኤስባን በሚባለው የከተማ ባቡር ተሳፍሮ ይመጣል፤ ከባሏ ከግርማ ፊት ለፊት ይቀመጥና የበረዶ ሆኪ ክርክሩ ይጀመራል። የቀረበው ምሳ እስኪቀዘቅዝ የሚያስተውለው የለም። ውሃ ቅዳ፣ ውሃ መልስ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ግርማ ኦስትኤንድ በሚባለው ሰፈር ባለው የበረዶ ሆኪ አዳራሽ በረዶውን የሚያስተካክለውን መኪና ሃያ ሦስት ዓመት ነድቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። የዩኒቨርሲቲው ቡድን የሚጫወተው እዚያ ነበርና አንድም ግጥሚያ አላመለጠውም። በፈረንጆቹ 2012 ቡድኑ ሃያ አምስተኛ ዓመቱን ሊያከብር ሲነሳ አሠልጣኙ ጠራው። ከሁላችንም ይልቅ ያየኸው አንተ ነህ፣ የምንጊዜም ሦስቱን ምርጥ ተጫዋቾች ምረጥልን፣ ፎቷቸው መግቢያው ላይ ይሰቀላል አለው። ግርማ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደ ተሾመ ሰው መጎማለል አመጣ።

ሁለቱ ስሞች ብዙም አላከራከሩም። አንዱ ሆልገር የሚባል የድሮ ተከላካይ፣ ሌላው ጎል አነፍናፊው ዮርግ ነው። ጭቅጭቁ ሦስተኛው ላይ ነው። ሀብተጊዮርጊስ በዕድሜው ሦስት ጨዋታ ቢያይ ነው፤ ቢሆንም ከማን አንሼ ብሎ ሽንጡን ገትሮ ይሟገታል።

ወርቅነሽን ያንገበገባት ግን ሁለቱም ዙሪያውን እየዞሩ የማይጠሩት ስም ነው። የእሷና የግርማ ልጅ ፀሎት ሪድበርግ ባለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ ኬሚስትሪ እየተማረች፣ ሴትና ወንድ ተደባልቆ በሚጫወትበት በዚሁ ቡድን በረኛ ከሆነች አራት ዓመቷ ነው። አምና በተከታታይ አምስት ጨዋታ አንድ ጎል አልገባባትም። ያን ሰሞን ግርማ እንዲህ ያለ በረኛ አይቼ አላውቅም ብሎ ለሚስቱ በሹክሹክታ ነግሯታል። ለልጅቷ ግን ትንፍሽ አላለም። እሷም እሑድ እሑድ ለእናቷ ትደውልና፣ ስለ ሌላው ሁሉ በጀርመንኛ አውርታ ስታበቃ፣ ምንም እንዳልመሰላት ሆና የስም ዝርዝሩን ታነሣለች፤ "ፓፓ ሊስተውን ጨረሰ?" ትላለች።

ወርቅነሽ በመጨረሻ ትዕግሥቷ አለቀ። ወጡን አስቀምጣ ፀሎትን ለምን እንደማይጽፋት ግርማን ፊት ለፊት ጠየቀችው።

"የገዛ ልጄን ላወድስ? ሰው ምን ይለኛል?" አለ ግርማ።

"የትኛው ሰው? ጀርመኖቹ ይሉኝታ የሚባል ነገር መኖሩንም አያውቁ።"

ሀብተጊዮርጊስ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ነውር ነው፣ ልጅን ሌላ ሰው ያመስግናት እንጂ አባት አያመሰግንም ብሎ ፈረደ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ብላቸው ወደ ማድ ቤት ገባች። እነሱም ተማከሩና ሦስተኛው ላይ ፍሎሪያንን ጻፉት። በአንድ ጨዋታ ዘጠኝ ጎል የገባበት በረኛ ነው። ግርማ፣ ምን ይደረግ፣ ሰላምታ የማያጓድል ጨዋ ልጅ ነበር አለ።

የበዓሉ ቀን አሠልጣኙ ስሞቹን አነበበ። ፍሎሪያን ሲጠራ ራሱ ፍሎሪያን ግራ ገብቶት ዞር ዞር አለ። ፀሎት ከሁሉም ጋር አጨበጨበች። ወርቅነሽ ባሏን በዓይኗ ጠበሰችው፤ እሱ ግን ኃላፊነቱን በንጽሕና የተወጣ ዳኛ መስሎ ተቀምጧል።

ሲመለሱ አባት፣ እናትና ልጅ ትራም ውስጥ ተቀመጡ። ፀሎት ለወትሮው አባቷን በጀርመንኛ ነው የምታናግረው። ያን ቀን ግን ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገች በአማርኛ ጠየቀችው።

"ፓፓ፣ የሌላ ሰው ልጅ ብሆን ስንተኛ ታደርገኝ ነበር?"

ግርማ ለአፍታም አላመነታ። እንዲያውም በመጠየቁ ደስ አለው።

"አንደኛ! አጠገብሽ የሚደርስም የለ።"

ትራሙ ሲቆም ፀሎት ቦርሳዋን አንስታ ተነሣች። መውረጃዋ ገና ነበር።

"እንግዲያው የሌላ ሰው ልጅ ብሆን ይሻለኝ ነበር" ብላው ወረደች።