ለጄኔራሉ የሚሆን ሽጉጥ

ጸጉር አስተካካዩን ሰፈርተኛው «ጄኔራል» ነው የሚለው። በዕድሜው ሙሉ ከመቀስና ከምላጭ ሌላ መሣሪያ ጨብጦ አያውቅም፤ የደንበኛ አንገት እየላጨ ስለ ጦርነት ሲያወራ ግን አፍ ያስከፍታል። ጎረቤት ቤት ሌባ ከገባ ወዲህ ሚስቱ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞር አለ፤ ኮሽ ባለ ቁጥር ትቀሰቅሰዋለች። ጄኔራል ተብሎ ሚስትን እንኳ በሰላም አለማስተኛት አንገበገበው። የመሣሪያ ፈቃድ አወጣና እሷን አስከትሎ ሽጉጥ ሊገዛ ሄደ።

መደብሩ ገና እንደገቡ ዓይኑ ከሁሉም ግዙፉ ላይ ተተከለ። ሌባ ይህን ሲያይ እግሬ አውጪኝ ይላል ሲል አብራራ። ሻጯ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ጎልማሳ፣ በጨለማ ማን ሊያየው ነው ብላ ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ደጋግማ አረጋግጣ ለሚስትየው አቀበለቻት። ጠይቃ እንደሰማችው ቀኑን ሙሉ ቤት የምትውለው እሷ ናታ! ሚስትየው ልታቀባብለው ታገለች፤ ንቅንቅ አላለም። መካከለኛውን ስትሰጣት ግን ያለ ችግር አቀባበለችው።

ጄኔራሉ ቅር አለው። ዋናው ተኳሹ ነው እያለ አጉረመረመ። ሻጯ አልተከራከረችውም፤ ለልምምድ እንደ ማድ ቤት ወደተሰናዳው የጓሮ ክፍል ወሰደቻቸውና ቀይ ብርሃን ብቻ የሚረጭ የመለማመጃ ሽጉጥ ሰጠችው። ሌሊት ነው እንበል፣ ተኝተው ሳለ የጓሮው በር ሲከፈት ሰሙ አለችውና መብራቱን አጠፋች።

በሩ ሲጥ አለ። አንድ ጥላ ቀስ ብሎ ገባ። ጄኔራሉ ዓይኑን ሳያሽ ቃታውን ሳበ፤ ቀዩ ነጥብ የጥላው ደረት ላይ ተለጠፈ። መብራቱ ሲበራ ደረቱን ነፍቶ ወደ ሚስቱ ዞረ።

እሷ ግን እሱን አላየችም። የተመታው በሽቦ የሚሳብ የካርቶን ምስል ቦርሳ ያንጠለጠለች፣ እጇ ባዶ የሆነ ወጣት ሴት ነበር። ሴት ሌባም አለ ብሎ ሊከራከር ሲቃጣው ሻጯ በዚያ ሰዓት ቤታችሁ የሚገባ ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀች።

«ልጃችን» አለች ሚስትየው። «ነርስ ናት። የሌሊት ተረኛ ሆና በጊዜ ከለቀቋት በጓሮ ነው የምትገባው። አባቷ እንዳይነቃ ብላ ጫማዋን አውልቃ።»

ጄኔራሉ ያገኘው ወንበር ላይ ዘፍ አለ። እንዲህ ፈርቶ አያውቅም። ከዚያ የእጅ ባትሪ ትሸጣላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። ሻጯ ፈገግ አለች። መካከለኛውን ሽጉጥ፣ የሚቆለፍ ሣጥንና ጠንካራ የእጅ ባትሪ ይዘው ወጡ፤ መጀመሪያ ማብራት፣ መጣራት፣ የገባው ማን እንደሆነ ሳያውቁ ሽጉጥ አለማነጣጠር የሚለውን የሻጯን ምክር ጄኔራሉ መንገዱን ሙሉ እንደ ተማሪ ሲያነበንብ ሚስቱ በሳቅ ፈረሰች።

ማታ ልጅቷ ለሥራ ስትነሳ በሩ ላይ ጠበቃት።

«ከዛሬ ጀምሮ ጫማሽን እንዳታወልቂ። በሩንም አንኳኪ፣ ስሜንም ጥሪ፣ ከፈለግሽም ዝፈኚ።»

«አባዬ፣ ትነቃለህ እኮ።»

«ልንቃ» አለ። «ነቅቼ ልይሽ።»