ያልተቆጠሩት ጉድጓዶች

ያኔት ከወንድሟ ጀርባ ቆማ ላፕቶፑ ላይ አፈጠጠች። ሽመክት መሐንዲስ ነው፤ ሱሉልታ ወደፊት ምን ያህል ውኃ እንደምታገኝና ምን ያህል እንደሚያስፈልጋት በኮምፒውተር ያሰላል። ሰማያዊው መስመር ውኃው፣ ቀዩ ፍላጎቱ ነው። ሁለቱ የሚገናኙት ገና ያኔት አርጅታ ጥርሷ ሲረግፍ ነበር።

«ፕሮፌሰሩ፣ ሰው በየግቢው በድብቅ የሚያስቆፍረውን ጉድጓድስ ቆጥረኸዋል?» አለችው ልታበሽቀው።

ሽመክት የሰፈራቸውን ጉድጓዶች በጣቱ ቆጠረ። ከዚያ በእነሱ መነሻ የከተማውን ገመተና አስገባው። ሰማያዊው መስመር ቁልቁል ወረደ። አሁን የተገናኙት ያኔት አስራ ሁለተኛ ክፍል በምትደርስበት ዓመት ላይ ነው።

«ቀልድ ነው አይደል ሼሜ?»

«አይደለም።»

 ወዲያው ደጅ የከባድ መኪና ጡሩንባ ተሰማ። አባቷ መቆፈሪያ ማሽን የጫነ መኪና ሊያስገቡ የግቢውን በር ወለል አድርገው ከፍተዋል። ሮጣ መኪናው ፊት ተገተረች።

«አባዬ፣ በማርያም አታስገባው! ውኃው ከስር እያለቀ ነው!»

«አውቃለሁ ልጄ፤ የቸኮልኩት ለዚህ አይደል? ጎረቤታችን ኦቦ ገርባ እንኳ ትናንት አስቆፍረዋል።»

ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። ያኔት አባቷ ሲፈሩ አይታ አታውቅም ነበርና፣ ለመኪናው መንገዱን ለቀቀች።