በዛብሽ የተላጨች ዕለት

የእድሩ ጡሩምባ ሲነፋ በዛብሽ የልጇን የመክሊትን አልጋ እያነጠፈች ነበር። አንሶላውን በእንጥልጥል ትታ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰች። የቢቸና ሰው ከለቅሶ መቅረት አይሆንለትም፤ እሷ ደግሞ ልጇ ከታመመች ወዲህ ከማንም ቀብር ቀርታ አታውቅም።

በሩን ስትከፍት የእድሩ ሰዎች ድንኳን ተሸክመው ወደ እሷው ግቢ እየገቡ ነው። ጎረቤቷ ፀሐይነሽ ከፊት ሆና ደረቷን ትደቃለች።

"ማን ሞተ?" አለች በዛብሽ።

ሰዉ ይብሱን አለቀሰ።

ሐሳቧ ወደ ልጇ ሄደ። መክሊት የሃያ ዓመት ልጅ ናት። የደም ካንሰር ይዟት አዲስ አበባ አክስቷ ቤት ሆና ስትታከም ከረመች፤ ጊደሯም፣ የበርበሬ መነገጃውም በመድኃኒት አለቀ። ትናንት ማታ ግን ደውላ፣ "እማ፣ ዶክተሩ ደምሽ እየጠራ ነው አለኝ። ሁለት ዙር መድኃኒት ብቻ ነው የቀረኝ። ነገ በጠዋቱ አውቶብስ እመጣለሁ" ብላት ነበር። በዛብሽ በደስታ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። እንግዲህ መኪናው ተገልብጦ፣ አገር ሁሉ ሰምቶ፣ እናት ብቻ ሳትሰማ ቀረች ማለት ነው?

ስልክ ሞከረች። የመክሊት ስልክ ዝግ ነው። ደግማ ልትሞክር ስትል ስልኩ ራሱ ጮኸ። ሞጣ ያለው ወንድሟ ሽመክት ነበር።

"እህቴ፣ በርቺ" አለ እያለቀሰ። "ሚኒባስ ተኮናትረን ተነሥተናል።"

"ማን ነገረህ?"

"ፀሐይነሽ ደውላ።"

በዛብሽ ስልኩን ሳትዘጋ የፀሐይነሽን ትከሻ ያዘች። "አንቺስ ከማን ሰማሽ?"

"ከማንም" አለች ፀሐይነሽ ግራ ገብቷት። "ጠዋት ቧንቧው ዘንድ ሻሽሽ ሲወልቅ አየሁሽ። ተላጭተሻል። የመክሊት መርዶ ደርሷት አምቃ ይዛዋለች ብዬ ለእድሩ ዳኛ ነገርኩ።"

በዛብሽ እጇን ከሻሿ ሥር አስገብታ ራሷን ዳሰሰች። እውነትም እንደ እንቁላል ልሙጥ ነው።

"መክሊት ፀጉሬ ረግፎ ሰው ፊት አልወጣም ብላ በስልክ ስታለቅስብኝ ነው እኮ የተላጨሁት" አለች። "ብቻዋን እንዳትሆን።"

ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ። የእድሩ ዳኛ ኃይለ ሚካኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ስልኳስ ለምን ተዘጋ?"

"ኔትወርክ የሌለበት ዓባይ በረሃ ገብታ ይሆናል።"

ይሆናል ብላ ተናገረችው እንጂ ልቧ አላመነም። ድንኳኑን የሚተክለውም የሚመልሰውም ጠፋ። ሁሉም እንደቆመ መንገድ መንገዱን ያይ ጀመር።

ፀሐይ ስትከር አንድ ባጃጅ ደጁ ላይ ቆመ። መክሊት ከስታ፣ ሻሽ አስራ፣ ግን በእግሯ ወረደች። ሰዉን አይታ ደነገጠች።

"ማን ሞተ?"

"አንቺ" አለች ፀሐይነሽ አምልጧት።

ከዚያ በኋላ ለቅሶው የት እንደገባ አይታወቅም። እልልታው ቀለጠ። በዛብሽ ሻሿን አውልቃ ራሷን ለልጇ አሳየቻት። መክሊት ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ የራሷንም ሻሽ በሰው ፊት ፈታችው።

ኃይለ ሚካኤል ለቀብር ያመጡትን ብር በመሐረብ እንደቋጠሩ ነበር። "እንግዲህ እግዜር ይመስገን። ይሄ ወደ እድሩ ሣጥን ይመለስ" አሉ።

"አይመልሱት፣ ጋሼ" አለች በዛብሽ። "ለቀረው መድኃኒት ሳንቲም የለኝም።"

"የእኛ ሕግ ለሞተ እንጂ ለታመመ አይልም፣ ልጄ።"

"እኔስ አልሞትም? ለእኔ ቀብር የምትሰጡትን ዛሬ ስጡኝ።"

ዳኛው ወደ አባላቱ ዞሩ። አንዱ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ፤ ሌላውም ተከተለ።

"እድር ሁለት ጊዜ አይከፍልም" አሏት ቀስ ብለው። "ስትሞቺ ጡሩምባም ድንኳንም የለሽም። አስበሽዋል?"

በዛብሽ ከጎረቤት ቀብር ሳትቀር የኖረችው ለዚያች ለራሷ ቀብር ቀን ነበር። ልጇን አየቻት። መክሊት አሁንም እየሳቀች ነው።

"በሰሌን ጠቅልላችሁ ቅበሩኝ" አለችና ሁለት እጇን ዘረጋች።

ዳኛው ያስጨበጧትን መሐረብ መቀነቷ ውስጥ ቋጥራ፣ የጀመረችውን አልጋ አንጥፋ ልትጨርስ ገባች።