ስሂን ዘወልድ ቀዩን ቀለም እንዳየች

አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ማየት የዓይን ብቻ ሥራ ይመስለናል፤ ዳሩ ግን ዓይን ብርሃን የሚገባበት ደጃፍ ነውና፣ የገባውን ብርሃን ተቀብሎ ስም የሚሰጠው በራስ ቅል ውስጥ ተሰውሮ የሚኖረው ረቂቅና ጥልቅ አእምሮ ነው፤ ይህም ምስጢር ለጠቢባን ሳይቀር የተገለጠው እጅግ ዘግይቶ ነው።

በበጌምድር አገር አለቃ ዘወልድ የሚባሉ፣ እጃቸው የተባረከ፣ ስማቸው የተከበረ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ውብዳር ሦስት ቀን አምጠው የወለዷት አንዲት ልጃቸው ስሂን፣ ስትወለድ ትንፋሿ ዘግይቶባት ስለ ነበር፣ እጅና እግሯ ተገትሮ፣ አንገቷ ራሷን መሸከም ተስኖት፣ ዓይኖቿም ብሩሃንና ንጹሓን ሳሉ አንዳች ነገር ሳይከተሉ አራት ዓመት ሞላት። አለቃ በሥዕላቸው ያጌጠውን የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ታይ ዘንድ አቅፈው ቢወስዷት፣ ከመላእክቱና ከሰማዕታቱ ብዛት ፊቷን መልሳ አለቀሰች። ዘመዶችም ተሰብስበው፣ ለዕውር ልጅ ብርሃንና ጨለማ አንድ ነውና በጓዳ ትኑር ብለው ፈረዱ፤ አለቃም አንገታቸውን ደፍተው መኝታዋን ወደ ጓዳው ደጃፍ አስጠጉ።

ወይዘሮ ውብዳር ግን ሌላ ነገር አስተውለው ነበር። ቤቱ በሰውና በጫጫታ በተሞላ ጊዜ የልጂቱ ዓይን ባዶ ይሆናል፤ ጸጥ ባለ ረፋድ፣ ጀርባዋ በትራስ ተደግፎ ሳለ፣ ቀይ መቀነታቸውን በዝግታ ሲያወዛውዙላት ግን፣ ዘግይቶም ቢሆን ያ ዓይን ይነቃል። ስለዚህ ባላቸውን እንዲህ አሏቸው፦ «አለቃ፣ ልጃችን ዕውር አይደለችም። ብዙው ነገር ባንድ ጊዜ ሲመጣባት ሁሉም ይጠፋባታል። ጓዳ ሳትገባ አንድ ነገር ብቻ ያሳዩዋት፤ ይታገሷትም።»

አለቃ ባያምኑም፣ በማግስቱ ረፋድ ደጁን አዘግተው፣ ጥቁር በርኖስ በግድግዳው ላይ ዘርግተው፣ ቀይ የቀቡትን አጭር ዘንግ በፊቱ ያወዛውዙ ጀመር። አንድ አቡነ ዘበሰማያት የሚደገምበት ያህል ጊዜ አለፈ፤ ልጂቱ አልተንቀሳቀሰችም። አለቃ እጃቸውን ሊያወርዱ ሲሉ ወይዘሮዋ በጥቅሻ ከለከሏቸው። ሁለተኛው ጸሎት ሳይፈጸም ግን የስሂን ዓይኖች ከሩቅ አገር እንደሚመለስ መንገደኛ ቀስ ብለው መጥተው በዘንጉ ላይ ዐረፉ፤ ወደ ቀኝ ሲሄድ ሄዱ፣ ወደ ግራ ሲመለስ ተመለሱ፤ ከዚያም ማየትና መያዝ ባንድ ጊዜ አይሆንላትምና ፊቷን ወዲያ አዙራ፣ የተገተረ እጇን እያንቀጠቀጠች ዘርግታ ያዘችው።

«አየች» አሉ አለቃ፤ ስንቱን ቅዱስ በሣሉት እጆቻቸውም የያዙትን ዘንግ ለእርሷ ለቀቁላት።

እግሯ አልተቃናም፣ አንገቷም አልጸናም፤ ነገር ግን መኝታዋ ከጓዳ ደጃፍ ተነሥቶ ብርሃን ከሚገባበት መስኮት ሥር ተዘረጋ፤ አለቃም በጥቁር ሳንቃ ላይ አንድ ሎሚ ብቻ፣ አንድ ጽዋ ብቻ እየሣሉ ሲያሳዩዋት፣ በሰባት ዓመቷ ሎሚውን ከጽዋው ለየች። ብርሃን በአንድ ቃል ተፈጠረ፤ ወደ አንዲት ነፍስ እስኪደርስ መጠበቁ ግን ለሰው ተተወ።