የእትዬ ሸዋአለም ገጽ

አራት ሰዎች ነበርን። በ2006 ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ ዲላ መናኸሪያው አጠገብ እኔ ተቀጥሬ በምሠራበት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ጀመርነው። ሐሳቡን ያመጣው በፍቃዱ ነው። በፍቃዱ የአንድ የቡና ፕሮጀክት የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነበር፤ ደብዳቤ ሊያስጽፍ ሲመላለስ ተዋወቅን። በየሳምንቱ አንድ ርእስ እናወጣለን፣ እያንዳንዳችን በርእሱ አንድ ፎቶ እናነሳለን፣ ዓመቱ ሲያልቅ ሃምሳ ሁለት ሳምንት በእጃችን ይኖራል አለ። ቀላል ነገር ይመስላል። ለእኔ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው ማመልከቻ ስጽፍ ከኖርኩ በኋላ የራሴ የምለው የመጀመሪያ ሥራ ነበር።

ሦስተኛው ነስሩ ነው። ሞባይል ይሸጣል፤ ሊሸጠው ባስቀመጠው ሞባይል ሁሉ መጀመሪያ ፎቶ ያነሳበታል። አራተኛው ጋሽ ወልደዮሐንስ ናቸው። አርባ ዓመት ፎቶ ቤት ነበራቸው። የዲላ ሰው ሠርጉንም ምርቃቱንም የመታወቂያ ጉርዱንም የተነሳው እሳቸው ዘንድ ነው። ሰው ሁሉ ካሜራ በኪሱ መያዝ ሲጀምር ፎቶ ቤታቸውን ዘጉ። ነስሩ ሦስት ቅዳሜ ቤታቸው ድረስ ሄዶ ለመናቸው፣ በአራተኛው መጡ።

የእኔ ድርሻ ገጹን መሥራት ነበር። ፎቶውን ብቻ አልለጥፍም። ሰዉ ከፎቶው ጋር የሚሄድ ነገር ያመጣልኛል፤ የደረቀ የቡና ቅጠል፣ የድሮ የአውቶቡስ ትኬት፣ የጥልፍ ቁራጭ፣ አንዴ እንዲያውም ነስሩ ከቡሌ ወረዳ የእንሰት ቃጫ ይዞልኝ መጣ። ሁሉንም ስካነሩ ላይ አስቀምጬ ወደ ኮምፒውተር አስገባዋለሁ፣ ከፎቶው ሥር አነጥፈዋለሁ፣ በባለፎቶው የእጅ ጽሑፍ ሁለት መስመር እጨምርበታለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሲቀንስ አራታችን ስክሪኑ ፊት ተጠጋግተን እንቀመጣለን። መብራት ካለ። ከሌለም ስለ ፎቶ እያወራን እንጠብቃለን። ከዚያ ከአራታችን በቀር ማንም በማያየው የፌስቡክ ገጻችን ላይ እናወጣዋለን።

ጋሽ ወልደዮሐንስ ርእሱ ምንም ይሁን ምን የሚያነሱት ባለቤታቸውን ነበር። «በር» ስንል እትዬ ሸዋአለም በራቸው ላይ ቆመው፣ «እጅ» ስንል በመርፌ ክር ሲያሾልኩ። እትዬ ሸዋአለም ሠላሳ ዓመት አንደኛ ክፍል ያስተማሩ ሴት ናቸው። እኔንም ሀ ሁን ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ መቷቸው ግራ እጃቸው ደከመ፣ አፋቸውም ወደ አንድ ወገን ተጣመመ። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ሲቀመጡ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይይዛሉ። ቤተ ክርስቲያን እንኳ የሚሄዱት ሰው ከተበተነ በኋላ ነበር።

ጥር ላይ ርእሱ «ሳቅ» ሆነ። ጋሽ ወልደዮሐንስ ያመጡትን ፎቶ ወደ ስክሪኑ ተጠግቼ አየሁት። እትዬ ሸዋአለም በረንዳ ላይ፣ ዘመድ ይርጋጨፌ አጠገብ ካለችው ኢዲዶ የላከላቸውን ቡና ሰፌድ ላይ አድርገው ሲለቅሙ፣ አንድ ነገር አስቋቸው ነጠላው ወርዷል። አፋቸው ተጣሞ ነው የሳቁት። ግን እንደዚያ የሳቀ ሰው ከዚያ በፊት በፎቶ አላየሁም።

ገጹን ከመሥራቴ በፊት ቤታቸው ሄጄ አስፈቀድኳቸው። ነጠላቸውን እንደያዙ ፎቶውን ረጅም ጊዜ አዩት።

«እናንተው ናችሁ የምታዩት?»

«አራታችን ብቻ ነን።»

«እንግዲያው ይሁን። ወልዴ ደስ ብሎት ነው ያነሳኝ። ሌላ ሰው ዘንድ እንዳይሄድ ግን፣ ሳሮን። አደራ።»

እሺ አልኳቸው። ከነጠላቸው ጥለት ትንሽ ቆርጠው ሰጡኝ፤ የገጹን ዳር በእሱ ሠራሁት።

ግንቦት ላይ እትዬ ሸዋአለም ሞቱ። ለሁለት ሳምንት ጋሽ ወልደዮሐንስ አልመጡም። በሦስተኛው ሳምንት፣ ርእሱ «ሰማይ» ነበር፣ የለቅሶው ድንኳን ሲፈርስ አጥሩ ላይ የቀረውን ገመድ ፎቶ አንስተው አመጡ። ገጹን ያለ ምንም ጌጥ ሠራሁት።

ዓመቱ ጳጉሜ ላይ አለቀ። አራት ቅጂ ሐዋሳ አሳትመን አንዳንድ እንድንይዝ ተስማማን። በፍቃዱ ለስብሰባ ወደዚያው ስለሚሄድ ሥራው እንዳለ በፍላሽ ይሰጠኝ አለ። ሰጠሁት።

ኅዳር ላይ ብቻውን መጣና በሩን ገርበብ አድርጎ ላፕቶፑን ከፈተ። የእኛ ገጾች ናቸው፤ ሽፋኑ ላይ ግን የተጻፈው የእሱ ስም ብቻ ነው። የፕሮጀክቱ ሰዎች አይተው ወደዱት፣ መጽሐፍ ሆኖ ይታተማል፣ ከእሱም ጋር ኤግዚቢሽን ይኖራል አለኝ። ገንዘብ የሚሰጡት በአንድ ሰው ስም ለቀረበ ሥራ ስለሆነ ነው አለ። በሁለተኛው መጽሐፍ የሁላችንም ስም ይገባል። ደግሞ ፕሮጀክቱ ገጽ የሚሠራ ሰው ሊቀጥር ነው፤ ስሜን አስይዞልኛል።

ገጾቹን ገለጥኩ። የእትዬ ሸዋአለም ገጽ ላይ የጋሽ ወልደዮሐንስ የእጅ ጽሑፍ ወጥቶ በምትኩ «ቡናዋን የምትለቅም የኢዲዶ ገበሬ እናት» የሚል ገብቷል። ገበሬ እንዳልሆኑ፣ አንድ የቡና እግር እንኳ እንዳልነበራቸው ነገርኩት። ያውቃል። መጽሐፉ ስለ ቡና ስለሆነ ነው አለ።

«ሌላው ነገር አፏ ነው» አለኝ። «ለሽፋን ፈልገውታል፣ ግን ሕመምተኛ ትመስላለች። ትንሽ አቃኚው። አንቺ ትችይበታለሽ።»

እንቢ ማለት ነበረብኝ። በዚያች ደቂቃ ያሰብኩትን ግን አልረሳውም። ጋሽ ወልደዮሐንስ ከቤት አይወጡም፣ መጽሐፉን የት ያዩታል ብዬ አሰብኩ። እትዬ ሸዋአለም እንኳ በሕይወት ቢኖሩ አፋቸው ቀንቶ ቢታዩ ይመርጡ ነበር ብዬም አሰብኩ። ከሁሉ በላይ ያሰብኩት ግን ስለ አዲሱ ወንበሬ ነው። ፎቶሾፕ ከፍቼ ተቀመጥኩ። ከቀኙ ከንፈራቸው ወስጄ ግራውን ሠራሁት፣ ጉንጫቸውን አነሳሁት፣ ከአገጫቸው ሥር ያለውን ጥላ አለሳለስኩት። ግማሽ ሰዓት ፈጀ። የተነካ መሆኑ አይታወቅም ነበር፣ ጥሩ ሠርቼዋለሁ። ስጨርስ ደስ አለኝ፤ ይህንንም አልደብቅም።

ኤግዚቢሽኑ ታኅሣሥ ላይ እዚሁ ዲላ ተከፈተ። አዳራሹ ስደርስ በሩ ላይ የሰው ቁመት እጥፍ የሚሆን ባነር ተሰቅሏል፤ እትዬ ሸዋአለም ናቸው። በባነሩ ሥር የሚገቡ ሰዎች ቆም እያሉ ሲነጋገሩ ሰማሁ። አንዲት ሴት «ቲቸር ሸዋአለም አይደሉም እንዴ?» አለች። አብሯት ያለው ሰውዬ ጽሑፉን አነበበና አይደሉም፣ የኢዲዶ ገበሬ ናት ይላል አላት። እውነትም ናቸው አይደሉም እያሉ ገቡ።

ነስሩ ባነሩን ጠዋት ሲሰቀል አይቶ ኖሯል። ጋሽ ወልደዮሐንስ ከሌላ ሰው ከሚሰሙ እኔ ልንገራቸው ብሎ በባጃጅ ሄዶ ይዟቸው መጣ። ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰዋል፤ ከሐዘን ገና አልወጡም። በፍቃዱ ከእንግዶቹ መሃል ወጥቶ ሊቀበላቸው እጁን ዘረጋ። እሳቸው ግን ባነሩን ነው የሚያዩት። ሥራው በበፍቃዱ ስም ብቻ በመውጣቱ የተቀየሙ መስሎኝ ነበር፤ ስለ ስሙ ምንም አላሉም።

«አፏን ማነው ያቃናው?»

በፍቃዱ ወደ እኔ አየ። ሰዎች አጠገባችን ነበሩ። ነስሩም እያየኝ ነበር።

«እኔ ነኝ ጋሼ» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ፣ የተቆጡ አይመስሉም። ድምፃቸውን ሳያነሱ ተናገሩ።

«እኔ አርባ ዓመት የሰው ፊት ኔጋቲቩ ላይ በእርሳስ ሳስተካክል ኖሬአለሁ። የፈንጣጣ ጠባሳ አጥፍቻለሁ፣ የተንሸዋረረ ዓይን አቅንቻለሁ። ሰው ከፍሎ ይጠይቀኛል፣ እሠራለሁ። የእሷን ግን አልነካሁም። ሁለት ዓመት ሙሉ አፏን እየሸፈነች ከእኔ እንኳ ተደብቃ ነበር። ያን ቀን ብቻ ነው ረስታው የሳቀችው።»

በፍቃዱ ክብር ለመስጠት እንደሆነ፣ ከተማው ሁሉ እንዲያውቃቸው እንደሆነ ማስረዳት ጀመረ። ጋሽ ወልደዮሐንስ አላቋረጡትም። ሲጨርስ አውርዱልኝ አሉ። የፕሮግራሙ ኃላፊ ተጠርቶ መጣ፤ እንግዶች እየገቡ ስለሆነ ከመዝጊያው በኋላ እንነጋገራለን አላቸው። እሳቸውም አንገታቸውን ዝቅ አድርገው እሺ አሉና ወጡ። ባነሩ አራት ቀን ተሰቅሎ ቆየ።

ነስሩ እስከ ደጅ ሸኝቷቸው ተመልሶ መጣ። አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገረኝ፤ «ለምኜ ያመጣኋቸው እኔ ነበርኩ።» የዚያኑ ቀን ከፌስቡክ ገጻችን ወጣ። ሱቁ ከእኔ ሥራ ቦታ ፊት ለፊት ስለሆነ በየቀኑ እንተያይ ነበር፤ ሰላምታችን ግን በእጅ ብቻ ሆነ።

በሳምንቱ ያልተነካውን ፎቶ በጥሩ ወረቀት አትሜ ቤታቸው ሄድኩ። አስገቡኝ፣ አስቀመጡኝ፣ ሻይ በገዛ እጃቸው አፍልተው ሰጡኝ። ይቅርታ ለመጠየቅ ስንት ቀን ያጠናሁት ቃል ግማሹ ጠፋብኝ። ያልኩትን ብዬ ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ከፈቱት፣ አዩት፣ መልሰው ከተቱት።

«ይሄ እኮ አለኝ» አሉ። «ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

ፖስታውን መልሰው ሰጡኝ። ሻዬን እስክጨርስ ስለ ዝናቡ አወሩልኝ። ከዚያ እስከ በር ሸኙኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሥራውን አገኘሁት። አልተውኩትም፤ ተውኩት ብል ውሸት ነው። የቤት ኪራይ ነበረብኝ፣ እናቴም እኔን ነበር የምትጠብቀው። አዲስ ኮምፒውተር፣ የራሴ ጠረጴዛ፣ በመስኮት የሚታይ ግቢ። በፍቃዱ በዓመቱ አድጎ ሐዋሳ ተዛወረ። ሁለተኛ መጽሐፍ የሚባል ነገር አልመጣም፣ እኔም አልጠየቅሁም። እዚያ ቢሮ ብዙ ፊት አስተካክያለሁ። የገበሬ ልጆች አፍንጫ ጠርጌአለሁ፣ የተቀደደ ሸሚዝ ሰፍቻለሁ፣ ሁሉንም በማውስ። ለራሴ ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ፎቶ አላነሳሁም፣ አንድ ገጽም አልሠራሁም። ካሜራው ሞባይሌ ላይ አለ፤ እጄ አይሄድም።

በ2009 መጋቢት ላይ ወደ ይርጋጨፌ ለሥራ ስሄድ ሚኒባሱ ውስጥ ከጋሽ ወልደዮሐንስ ጎን ወንበር ደረሰኝ። ሽበታቸው ጨምሯል፣ ጥቁሩን አውልቀዋል። ጭናቸው ላይ የካሜራ ቦርሳ ይዘዋል። ወናጎ የአንድ ዘመዳቸውን ልጅ ክርስትና ፎቶ ሊያነሱ እንደሚሄዱ ለረዳቱ ሲናገሩ ሰማኋቸው። ሰላም አልኳቸው።

ዞር ብለው አዩኝ፣ ከመቀመጫቸውም ትንሽ ተነሱልኝ።

«ደኅና ነዎት ወይዘሪት ሳሮን? ቤተሰብ ደኅና ነው?»

ከሕፃንነቴ ጀምሮ የሚያውቁኝ፣ አንቺ የሚሉኝ ሰው ናቸው። ቀልድ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። ቀልድ አልነበረም። ሥራ እንዴት ነው፣ እናትዎስ አሉኝ፣ ሁሉንም በትሕትና፣ ሁሉንም በእርስዎ። እኔም መለስኩ። ወናጎ ሲደርሱ ቦርሳቸውን አንግተው፣ ባርኔጣቸውን አንስተው «በሰላም ይግቡ» ብለውኝ ወረዱ።