የሣጥኑ ቁልፍ

ቀያሹ እንጨቱን ከማንጎው ዛፍ ሥር ሲተክል በቆሎ እየወቀጥኩ ነበር። ደላላው ሙሲሊ ከኋላው ቆሞ ጥላ ፍለጋ ይቁነጠነጣል።

"አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ምን ትለካለህ? ይኼ መሬት እግድ አለበት፤ አይሸጥም" አልኩት።

"እማማ ሲዮምቡዋ፣ እግዱ እኮ ተነስቷል። አልነገሩዎትም እንዴ?" አለኝ ሙሲሊ።

ዘነዘናውን አስቀምጬ ከተማ ወረድኩ።

የመሬቱ ካርታ በባሌ በኪሜው ስም ብቻ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ደላላ ማመላለስ ሲጀምር ጠበቃ ንዚላኒ ዘንድ ሄድኩ፤ እሷም ሳልሰማ እንዳይሸጥ ካርታው ላይ እግድ አስመዝግባልኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ይወስደኝ ጀመር። ከማንጎው ሥር ልጄ ካሉኪ ተቀብራለች። ሌላው መሬት ድንጋይ ነው፤ ለእሱ ብዬ ጠበቃ ቤት አልሄድም።

ንዚላኒ ስትሰማ ቦርሳዋን አንስታ የመሬት መዝገብ ቤት ወሰደችኝ። ጸሐፊው ፋይሉን አገላበጠ።

"ባለቤትዎ እግዱ ይነሳልኝ ብለው አመልክተዋል። ለእርስዎም ማስታወቂያ ልከናል። በሠላሳ ቀን ውስጥ ካልተቃወሙ ይነሳል፤ ሕጉ ነው።"

"የት ነው የላካችሁት?" አለች ንዚላኒ።

"ራሳቸው ባስመዘገቡት አድራሻ። ፖስታ ሣጥን ቁጥር..."

ቁጥሩን ከአፉ ነጥቄ ጨረስኩለት። የልጆቹ የፈተና ውጤት፣ የእህቴ ደብዳቤ፣ የወንድሜ መርዶ፣ ሁሉም የመጣው በዚያ ቁጥር ነው። የባሌ ሣጥን ነው።

ንዚላኒ ዞራ አየችኝ። "እማማ፣ ያን ቀን አድራሻ ስጠይቅዎት የሰጡኝ የእሳቸውን ነው?"

"ሌላ ምን ሣጥን አለኝ፣ ልጄ?"

እኛ አገር ሴት ሳታገባ የአባቷ ሣጥን፣ ስታገባ የባሏ ሣጥን ነው ያላት። አድራሻ ስባል አሰብኩ እንኳ አልልም፤ ስሜን እንደተጠየቅኩ ያህል ነው የመለስኩት። ከሌባ ልሰውረው ያልኩትን ዕቃ ሌባው ዘንድ አደራ አስቀምጬ ኖሯል።

ጸሐፊው የማስታወቂያውን ቅጂ አሳየኝ። ስሜ አንድ ፊደል ሳይጎድል ተጽፏል። በዚያ ሣጥን ደብዳቤ ሲመጣ "ለኪሜው ቤተሰብ" እየተባለ ነበር። ለእኔ ለብቻዬ፣ በስሜ የመጣው ይኼ የመጀመሪያው ነው።

"ወደ ገዢው የስም ዝውውሩም ባለፈው ሳምንት አልቋል" አለ ጸሐፊው፣ ድምፁን ቀነስ አድርጎ።

ማልቀስ ነበረብኝ መሰለኝ። አልመጣልኝም። ትዝ ያለኝ በቆሎውን ሳልከድን መውጣቴ ነው። ይኼኔ ዶሮዎቹ ጨርሰውታል።

"አላለቀም" አለችኝ ንዚላኒ ደጅ ስንወጣ። "ሚስት ሳትስማማ መኖሪያ ቤት አይሸጥም። እንከሳለን። አድራሻዎን የእኔን ቢሮ አደርገዋለሁ።"

"እሺ" አልኳት። እሷ ተናዳለች። እኔ ውስጤ ባዶ ነበር፤ በንዴቷ እንኳ ቀናሁ።

ማታ ኪሜው እንደ ወትሮው መጥቶ ተቀመጠ። በቆሎና ባቄላውን አቀረብኩለት። የሣጥኑ ቁልፍ እንደ ሁልጊዜው በክር ታስሮ ቀበቶው ላይ ተንጠልጥሏል።

"ደብዳቤ መጥቶልኝ ነበር?"

"መጥቶ ነበር።" ማኘኩን አላቆመም።

"ታዲያ ለምን አልሰጠኸኝም?"

"እንግሊዝኛ ነው። ምን ልታደርጊበት?"

"ማንጎው ሥር ያለችው እኮ ልጅህ ናት።"

እጁ ሳህኑ ላይ ቆመ። "አይነኳትም። ገዢው ቃል ገብቶልኛል" አለና ጉርሻውን ቀጠለ።

"ቁልፉን ስጠኝ።"

የሚጮህ፣ ምናልባትም የሚማታ መስሎኝ ነበር። በሩ አጠገብ ቆሜ ጠበቅኩት። እሱ ግን ቀና ብሎ አየኝ፤ ግራ የገባው ይመስላል።

"ይኼን?" አለ። ክሩን ፈትቶ ቁልፉን ከሳህኑ አጠገብ ጣል አደረገው። "ውሰጂው። አንድ ቀን እንኳ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?"

አላውቅም። እግዱን ሳስመዘግብም፣ ከዚያ በፊትም፣ ጠይቄው አላውቅም።

"ጨምሪልኝ" አለኝ ሳህኑን እየገፋ።

ቁልፉን አንስቼ ጨመርኩለት።