ዘጠነኛው መርገጫ

ፋይ ሰንደቁን ከሽመና ዕቃው ላይ ቆርጣ ስታወርደው ደስታዋ ሌላ ነበር። በአሥራ አምስት ዓመቷ ብቻዋን የሸመነችው የመጀመሪያዋ እኮ ነው። ስድስት ክንድ ርዝመት፣ ነጭ ሆኖ መሀል መሀሉ ቀይና ቢጫ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ዘርፍ ምናምን ያለው፣ በቃ ያምራል። የሸመነችውም ከሦስት ወር በፊት ለሞተው አያቷ ለካምሲንግ ነው። ሰንደቅ ለሞተ ሰው መሰላል ነዋ፤ ቤተ መቅደሱ ግቢ ረጅም ቀርከሃ ላይ ይሰቀላል፣ ሟቹም አብረው የተሸመኑትን የቀርከሃ ስንጥሮች አንድ በአንድ እየረገጠ ወደ ላይ ይወጣል።

ሰልፉ ነገ ጠዋት ነው። ቡድሃ በቀድሞ ሕይወቱ እሱ ነበር የሚባለውን፣ ከስደት ተመላሹን ልዑል ቬሳንታራን በየዓመቱ እንደሚደረገው ከኩሬው ዳር ተቀብሎ ወደ መንደር ለማስገባት ሰዉ ሁሉ የየሟቹን ሰንደቅ ይዞ ይወጣል።

የካምሲንግ ሚስት እማማ ቡንሎም ሰንደቁን ወለሉ ላይ ዘርግታ ስንጥሮቹን በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ስምንት ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

"አንቺ፣ ዘጠነኛው የታለ?"

"እዛው ነዋ።"

"እዚህ ባዶ ጨርቅ ነው ያለው። ነይ ቁጠሪ።"

ፋይ ቆጠረች፤ አሥራ ሁለት። እንደገና ቆጠረች፤ ያው አሥራ ሁለት። አሥራ ሦስት መሆን ነበረበት። ወዲያው ትዝ አላት። ረቡዕ ጓደኛዋ ኖይ መጥታ፣ ያ ታዋን የሚባለው ልጅ ፀጉሩን ብርቱካናማ አስቀብቶ ከከተማ መመለሱን ስትነግራት፣ ፋይ እየሳቀች ማጉን ዝም ብላ ስትወረውር ስንጥሩን ዘልላዋለች።

"ስለዚያ ልጅ ፀጉር ስታወሩ ነዋ" አለች እማማ ቡንሎም። "እንግዲህ ካምሲንግ የልጁን ፀጉር ይዞ ይንጠልጠል።"

ፋይ አልሳቀችም። አያቷ ከዘንባባ ዛፍ ላይ ከወደቀ ወዲህ ግራ ጉልበቱ አይታጠፍለትም ነበር። የቤታቸውን ሰባት ደረጃ ለመውጣት እንኳ አራተኛው ላይ ቆሞ፣ ደረጃውን የሠራውን ሰው ሰድቦ፣ ከዚያ ነበር የሚቀጥለው። ደረጃውን የሠራው ራሱ ነው። ታዲያ ያን ሁሉ ክፍተት እንዴት ይሻገረው?

"ልፍታው?"

"ፈትተሽ እስክትሸምኚው ልዑሉ ደርሶ ተመልሷል። የኔን ውሰጂ፤ ለእናቴ ብዬ የሸመንኩት አለ። እሷ እስከሚቀጥለው ዓመት ትታገሠኛለች።"

የእማማ ሰንደቅ ቀጥ ያለ ነው፣ አንድ እንከን የለውም። ፋይ እጇን ልትዘረጋ ምንም አልቀራትም። ግን ካምሲንግ በመጨረሻው ሳምንት ጠርቷት "የኔን አንቺ ሸምኚልኝ፤ ቡንሎም ጠባብ አድርጋ ነው የምትሸምነው፣ ሙሉ እግር አያስረግጥም" ብሏት ነበር። እሷም እሺ ብላዋለች።

"በክር ባስረውስ?"

"አብሮ ያልተሸመነ ስንጥር ገና ሲረገጥ ይንሸራተታል።"

ፋይ በምሰሶዎች ላይ ከቆመው ቤታቸው ሥር ወረደችና አንዱን ምሰሶ ተደግፋ ተቀመጠች። ካምሲንግ ጀምሮት የሄደው የዓሣ መረብ እዚያው እንደተሰቀለ ነው። ቀዳዳው እኩል እንዲሆን የሚለካባት፣ ከመዳፉ ላብ ብዛት የጠቆረች ጠፍጣፋ ቀርከሃም እንደተሰካች አለች። አለ አይደል፣ አንዳንዴ ነገር በአንድ ጊዜ ብልጭ ይላል። አያቷ ቋጠሮ ሲያስተምራት "ሲሳብ የሚላላ ቋጠሮ ለጌጥ ነው፤ ቋጠሮ ማለት ሲሳብ የሚጠብቅ ነው" ይላት ነበር።

መለኪያዋን ከመረቡ አወጣች፣ ከገመዱም ቆረጠች፣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች። ክፍተቱ መሀል ላይ አስቀምጣ ከግራና ከቀኝ የጨርቁ ጠርዝ ጋር በአያቷ ቋጠሮ አሰረቻት።

እማማ ቡንሎም በእጇ ጎተተቻት። አልላላችም። የእግሯን አውራ ጣት አስገብታ በደንብ ወደ ታች ሳበቻት። ገመዱ ጭራሽ ጠበቀ።

"አጭር ናት" አለች።

"ለአንድ እግር ትበቃለች።"

"ለየትኛው?"

"ለደህናው።"

እማማ ቡንሎም ጨርቁን በመዳፏ አስተካከለች። "ደህናውን ካስቀደመ ግራውን ይጎትተዋል" አለች። "እየተሳደበም ቢሆን ይወጣል።"

ጠዋት ፋይ ሰንደቋን ቀርከሃ ላይ አስራ ሰልፉ ውስጥ ገባች። ከበሮው ከፊት፣ አቧራው ከኋላ ነው። የካምሲንግ የዓሣ ማጥመድ ጓደኛ አባባ ሲያንግ ከጎኗ ይራመዱ ነበር፤ ዓይናቸው ሰንደቁ ላይ ነው።

"ያቺ አጭሯ ምንድን ናት?"

ፋይ ፊቷ ጋለ። "አንድ ስንጥር ረስቼ ነው፣ አባባ።"

"እሱን አልጠየቅኩሽም። የመረብ መለኪያ አይደለችም?"

"ነች። የአያቴ ናት።"

"የኔ ናት እንጂ። ጫፏን ያቃጠልኩበትን ምልክት እያየሁት ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ 'ጠፋችብኝ' እያለ ሲምልልኝ ነበር።"

ፋይ እርምጃዋ ተደናቀፈ። "ልፍታልዎት?" አለች፣ ሆዷ ግን አትፍቺ እያላት።

አባባ ሲያንግ እያነከሰ የሚወጣ የሚያውቁትን ሰው የሚያዩ ይመስል ሽቅብ ተመለከቱ።

"ተያት፣ ይርገጥባት። እኔም መሄዴ አይቀርም፤ ያኔ መለኪያዬን እዛው እቀበለዋለሁ።"

ቤተ መቅደሱ ግቢ ሲደርሱ አባባ ሲያንግ ቀርከሃውን ራሳቸው ይዘው አቆሙላት። ነፋስ መጣና ሰንደቁን ወጥሮ ሳበው። ፋይ አንገቷን ቀና አድርጋ ዘጠነኛውን ፈለገች። ቋጠሮው ጠብቋል።